ከሐርላ ኮረብታ ሥር ያለፈው ጦርነት

እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ። የምተርክላችሁ የአውሮፓን ታላላቅ ጦርነቶች ነገር ነው፤ የምጀምረው ግን ከሐርላ ነው። ለምን ከዚያ እንደጀመርሁ መንገድ ላይ ይገባችኋል።

ሐርላ ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍታ ላይ ያለች የገበሬ መንደር ናት። ከማሳው መሀል የጥንት ግንብ ፍርስራሽ ብቅ ብቅ ይላል። ድንጋዮቹ ትላልቅ ናቸው። ስለዚህም የአገሩ ሰው “ይህን ያነሡት እንደኛ ያሉ ሰዎች አይደሉም፤ ግዙፎች ነበሩ” ይላል፤ ግዙፎቹንም ሐርላ ይላቸዋል። ገበሬው ሲያርስ የገንዘብ ሳንቲምና የሸክላ ስባሪ ከማረሻው ሥር እየወጣ ዘመናት አልፈዋል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የእንግሊዙ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከአገራችን የቅርስ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ቦታውን ሲቆፍር የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ወጣ። የጌጣጌጥ መሥሪያ ቤቶች ወጡ። ከቻይና የመጣ የሸክላ ዕቃ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲም፣ የብርጭቆ ዶቃ፣ ከሩቅ ባሕር የመጣ ዛጎል ተገኘ። ከመቃብሩ የወጣው አጥንት ግን የግዙፍ አልነበረም፤ የእኛው ቁመት ያላቸው ሰዎች ነበሩ።

እዚያ በነበርሁ ቀን አንድ አባት የሽርጣቸውን ጫፍ ፈትተው አንዲት ዶቃ መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። የማሽላ ፍሬ ታክላለች። ቀይ ናት፤ መሀሏ የተበሳው ቀዳዳ በአፈር ተደፍኗል። ያን ቀዳዳ የበሳው ሰው እጅ ይህችን ሲሠራ ከተማዋ ትጠፋለች ብሎ አላሰበም። “አባቴ፣ እነዚያ ሰዎች ለምን ጠፉ?” አልኋቸው።

ከዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች በአፋን ኦሮሞ ተከራከሩ፤ አንድ ወጣት ይተረጉምልኝ ነበር። አንደኛው “ጠገቡ፤ በሀብታቸው ኮሩ፤ ፈጣሪ ተቆጣቸው” አሉ። ይህ በአካባቢው ሁሉ የሚነገር አፈ ታሪክ ነው። ሁለተኛው “የለም፣ ዝናብ ነው የከዳቸው” አሉ። ሦስተኛው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ “ጦር ነው፤ ጦር ከመጣ ዝናቡ ቢዘንብስ ማን ያርሳል?” አሉ። ነገሩ ሞቀ፤ ድምፅም ከፍ ከፍ አለ። ዶቃዋን ያሳዩኝ አባት ዝም ብለው ቆይተው አንድ ነገር ተናገሩና ሁሉም ጸጥ አለ። ወጣቱን “ምን አሉ?” አልሁት። “ሰበቡን ከምክንያቱ አታምታቱት ነው የሚሉት” አለኝ።

ይህን ቃል ይዤ ወደ ድሬዳዋ ወረድሁ። እናንተም ያዙልኝ።

አውሮፓም ከመቶ ዓመት በላይ የምትከራከረው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 1914 በሳራዬቮ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የተባለ የ19 ዓመት ወጣት የኦስትሪያን አልጋ ወራሽ ገደለ። ከአንድ ወር ጥቂት ቀን በኋላ አውሮፓ በእሳት ተያያዘች። ሁለት ጥይት ሚሊዮኖችን አይገድልም፤ ይህ ሰበብ ነው። ምክንያቱስ? አሸናፊዎቹ በቬርሳይ ውል በአንቀጽ 231 ኃላፊነቱን በጀርመንና በተባባሪዎቿ ላይ ጫኑና ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ1961 ጀርመናዊው የታሪክ ሰው ፍሪትዝ ፊሸር የገዛ አገሩን መዛግብት አገላብጦ “አዎ፣ የእኛ መሪዎች የዓለም ኃያልነት ፈልገው ነው” የሚል መጽሐፍ ሲያወጣ የአገሩ ሰዎች ክፉኛ ተቆጡት። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ክሪስቶፈር ክላርክ “ሁሉም በእንቅልፍ ልባቸው እየሄዱ ገደል ገቡ” አለ። ሌኒን ገና ጦርነቱ ሳያልቅ የካፒታልን ስግብግብነት ከሶ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ግን እኔን የያዘኝ የአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ጽሑፍ ነው። ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1915፣ መድፉ ገና እየጮኸ፣ “የጦርነቱ አፍሪካዊ ሥሮች” የሚል ጽሑፍ በአትላንቲክ መጽሔት አወጣ። አውሮፓ የምትፋጀው አፍሪካን በመቀራመት ልማዷ ነው አለ። በዘመኑ ስንት ሰው ከልቡ ሰማው? ድሬዳዋ ተቀምጦ ነገሩን ለሚመለከት ሰው ግን ዱ ቦይስ የተናገረው ደጁ ላይ ያለውን ነው።

ደጃችን ላይ ያለው ሃዲዱ ነው። ከለገሀሬ ጣቢያ በር ላይ ቁሙና አስቡት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ባቡሩም ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ውድ ስለሆነ ከግርጌው ቀረ፤ ሜዳው ላይም ከተማ በቀለ። ምኒልክ “አዲስ ሐረር” ብለው ነበር፤ ሕዝቡ ድሬዳዋ አላት። ሃዲዱ ግን ለዓመታት ከዚህ አላለፈም። ለምን ቢባል፣ የባቡሩ ኩባንያ በፈረንሳይ መንግሥት እጅ መግባቱን ንጉሠ ነገሥቱ ሰምተው ተቆጡ፤ እንግሊዝ ደግሞ ፈረንሳይ ብቻዋን እንዳትይዘው ትጎትት ነበር። ብረቱ ቢኖርም ብረቱን ማን ይያዝ የሚለው ጠብ አላንቀሳቅስ አለ።

በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1905 መጀመሪያ፣ ፍሪድሪክ ሮዘን የሚመራው የጀርመን መልእክተኛ ጓድ በዚሁ ባቡር ድሬዳዋ ወረደ፤ ከዚያም ወደ ሐረርና ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ወጣ። ሎንዶን፣ ፓሪስና ሮም ደነገጡ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1899 ዓ.ም. ሦስቱ መንግሥታት ተፈራረሙ። ኢትዮጵያ ብትፈርስ ማን ምን ይወስዳል የሚል ውል ነው። እንግሊዝ የዓባይን ተፋሰስ፣ ፈረንሳይ የባቡሩን መስመር፣ ጣልያን ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ መሬት። ባለቤቱ በሕይወት እያለ የውርስ ክፍፍል ማለት ይህ ነው። ምኒልክ ውሉ ሲነገራቸው አመስግነው፣ ሉዓላዊነታቸውን ግን ምንም እንደማይነካ አስታወቁ።

ይህን የማነሣው በቂም አይደለም። ከእነዚያው መንግሥታት አንዷ ፈረንሳይ በሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ1905ና በ1911 ሁለት ጊዜ ከጀርመን ጋር ለጦርነት ተፋጣ ነበር። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1911 ሊቢያን ወረረች፤ ቱርክ ስትዳከም ያዩት የባልካን መንግሥታት በ1912 ተነሡባት፤ ሰርቢያ ገነነች፤ ኦስትሪያ ፈራች፤ ሳራዬቮ ደረሰ። ክሩን ከሳራዬቮ ወደ ኋላ የሳበ ሰው ሰሜን አፍሪካ ይደርሳል። አውሮፓውያኑ እርስ በርስ መተላለቅን የተማሩት በሌላው መሬት ላይ ሲሻሙ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ጦርነቱ ሲነሣ እሳቱ እዚህም ደረሰ። የምኒልክ ወራሽ ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን ወገን ያዘነብላሉ ተባለ። የቱርክ ቆንስላ በአገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1915 ሊዮ ፍሮቤኒዩስ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ በምሥጢር መልእክት ይዞ ሲመጣ ጣልያኖች ኤርትራ ላይ አስቁመው መለሱት። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣልያን ወኪሎች ተባብረው አዲስ አበባ ላይ ግፊት አደረጉ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ሐረር ሳሉ ከሥልጣን ተሻሩ፤ በወሩ ሰገሌ ላይ የኢትዮጵያ ልጆች ተላለቁ። ለሰገሌ የራሳችን የቤት ምክንያት ነበረው፤ ያን ለአውሮፓ አሳልፌ አልሰጥም። ከቤታችን ጠብ ላይ ነዳጅ ያርከፈከፈው ግን የእነሱ ጦርነት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንለፍ፤ እውነተኛው ነገር ያለው እዚህ ነው።

ጣልያን ወደ መጀመሪያው ጦርነት ስትገባ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1915 በተፈረመው የሎንዶን ውል በአንቀጽ 13፣ አጋሮቿ በአፍሪካ መሬት ካገኙ ለእሷም ካሣ እንደሚኖራት ቃል ተገብቶላት ነበር። የጠበቀችውን አላገኘችም። የሙሶሊኒ ወገኖች ይህን ቂም አሳድገው ሕዝቡን አጠጡት። አስተውሉ፤ የቂሙ መነሻ ከአፍሪካ ያልተቆረሰ ቁራሽ ነው።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል። ወልወል በኦጋዴን ያለ የውሃ ጉድጓዶች ቦታ ነው፤ የሶማሌ አርብቶ አደር ግመሉን የሚያጠጣበት። እ.ኤ.አ. በ1908 ኢትዮጵያና ጣልያን በተዋዋሉት የድንበር ውል መሠረት ከኢትዮጵያ ድንበር ወደ ውስጥ የገባ መሬት ነው። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የድንበር ኮሚሽን እዚያ ሲደርስ ጣልያን ጦር አስፍራ አገኘ። እንግሊዞቹ ግጭት እንዳይነሣ ብለው አፈገፈጉ። የእኛዎቹ ቀሩ። ጥይት ተተኮሰ፤ ከእኛ ወገን ከመቶ በላይ ሰው ወደቀ። ሙሶሊኒ ይቅርታ፣ ለሰንደቅ ዓላማው ሰላምታና 200,000 የማርያ ቴሬዛ ብር ጠየቀ። አቤቱታው ጄኔቭ ወደ መንግሥታቱ ማኅበር ሄደ። ዘጠኝ ወር ተመርምሮ የግልግል ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1935 የሰጠውን ፍርድ ታውቃላችሁ? ማንም ጥፋተኛ አይደለም አለ። በቬርሳይ ጥፋተኛ ለመፈለግ ያልቸገራቸው፣ በወልወል አንድም ጥፋተኛ አጡ።

በዚያ ዘጠኝ ወር ውስጥ የተደረገ አንድ ነገር ለድሬዳዋ ሰው በተለይ መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. ጥር 7 ቀን 1935 የፈረንሳዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ሮም ላይ ከሙሶሊኒ ጋር ተፈራረመ። በጀርመን ላይ ጣልያንን አጋር ለማድረግ ከሰጣት ነገር ውስጥ የጅቡቲ አዲስ አበባ ባቡር 2,500 አክሲዮን ይገኝበታል። ከድሬዳዋ ሰው ላብ የተሠራ መስመር ወረቀት ነው ያ። በከዚራ ሠፈር ጥላ ሥር የሚሄደው የባቡር ሠራተኛ ሳያውቅ የእንጀራው ሰነድ ለአውሮፓ ሰላም ጉቦ ሆነ። በሚያዝያም እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ስትሬዛ ተሰብስበው ስለ “አውሮፓ ሰላም” መግለጫ ሲያወጡ ስለ ኢትዮጵያ ቃል አልወጣም። ሙሶሊኒ ያን ዝምታ እንደ ፈቃድ ቆጠረው፤ ፈቃድም ነበር።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩ መረብን ተሻገረ። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅ ዘይትን ግን ተወው። የሱዌዝ ቦይ አልተዘጋም፤ የጣልያን መርከቦች ቀረጥ እየከፈሉ ወታደርና መርዝ ጭነው አለፉ። የሂትለር አስተርጓሚ የነበረው ፖል ሽሚት እንደጻፈው፣ ሙሶሊኒ ራሱ በኋላ ለሂትለር የዘይት ማዕቀብ ቢጣልብኝ ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎታል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1935 ላቫልና የእንግሊዙ ሳሙኤል ሆር አገራችንን ቆርሰው ለወራሪው ሊሰጡ በድብቅ ተስማሙ፤ ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣና ሆር ከሥልጣን ለቀቀ።

ሂትለርም ይህን ሁሉ ተቀምጦ ያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ኦስትሪያን ሊውጥ ሲያሰፈስፍ ያስፈራራው ሙሶሊኒ ነበር፤ ጦሩን ብሬነር ድንበር ላይ አሰልፎ። እ.ኤ.አ. በ1935 ሂትለር ጣልያን በእኛ ተራራ እንድትዳከም ፈልጎ ለኢትዮጵያ በምሥጢር መሣሪያ እንዲሸጥ ፈቀደ፤ ለእኛ አዝኖ አይደለም። ጣልያን ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ስትቃቃር ደግሞ እጁን ዘረጋላት። እ.ኤ.አ. በጥር 1936 ሙሶሊኒ ኦስትሪያ የጀርመን ጥገኛ ብትሆን እንደማይቃወም ለጀርመን አምባሳደር ነገረው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 7 ቀን 1936፣ የዓለም ዓይን በእኛ ጦር ሜዳ ላይ ሳለ፣ የሂትለር ጦር ራይንላንድ ገባ። ማንም ጣቱን አላነሣበትም። በዚያው ዓመት የሮምና የበርሊን ወዳጅነት ታወጀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦስትሪያ ስትዋጥ ብሬነር ላይ የቆመ የጣልያን ጦር አልነበረም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የያዘው ባቡር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ አለፈ። ግንቦት 1 ቀን በዚሁ ጣቢያ ሁለት የጣልያን ጦር ተገናኘ፤ የባዶልዮ ወታደሮች ከአዲስ አበባ በባቡር፣ የግራዚያኒ ከኦጋዴን በሐረር በኩል። ፈረንሳይ ሃዲዷን ለመጠበቅ ከጅቡቲ ያመጣችው ወታደር እዚያው ነበር፤ ሃዲዱን ጠበቀ፤ አገሩን ግን የጠበቀ አልነበረም። በዚያው ቀን ማታ ሙሶሊኒ ሮም ሰገነት ላይ ቆሞ ግዛተ አፄነቱን አወጀ። ሰኔ 23 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ቆመው ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ የትናንሽ መንግሥታት ሁሉ ዋስትና ነው ያለው ጭንቅ ላይ ብለው ተናገሩ። የጣልያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው። ማዕቀቡ በሳምንታት ውስጥ ተነሣ።

የፊሸር መጽሐፍ በወጣበት በ1961 እንግሊዛዊው ኤ ጄ ፒ ቴይለር ስለ ሁለተኛው ጦርነት መነሻ ጽፎ አገር አንጫጫ። ሂትለር ዕቅድ ያለው ጋኔን ሳይሆን አጋጣሚ የሚጠቀም ፖለቲከኛ ነው አለ። ጦርነትንም ከመኪና አደጋ ጋር አመሳሰለው፦ መኪና መኖሩ አጠቃላይ ምክንያት ነው፤ ፖሊስ ግን የሚጠይቀው ሾፌሩንና ፍሬኑን ነው። ይህን ሳነብ ደንገጎ ትዝ አለኝ። ከሐረር ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጭነት የበዛበት አይሱዙ ፍሬን ሲበጥስ ኩርባው አይምረውም። ሰው ይሰበሰባል፤ “ሾፌሩ ነው” ይባላል፤ “ፍሬኑ ነው” ይባላል፤ “መንገዱ ነው” ይባላል። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው። ላይ፣ ዳገቱ አናት ላይ፣ መኪናው ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት፣ ፍሬኑ መበጠሱን እያዩ እጃቸውን አጣምረው ያሳለፉት እነማን ናቸው?

ሂትለር ወንጀለኛ መሆኑን ማንም አይክድም፤ እኔም አልክድም። የሱ ምኞት ወልወል ባይኖርም ነበረ። ቴይለር ግን የመንግሥታቱ ማኅበር የሞተው በኢትዮጵያ ጉዳይ ነው ሲል ትክክል ነው፤ ማኅበሩ ሲሞት ሂትለርን የሚያስፈራ ነገር ጠፋ። ስለዚህ ፍርዴን እነግራችኋለሁ። የአውሮፓ ጦርነቶች ሰበብ ሳራዬቮና ፖላንድ ናቸው። ምክንያቱ ከሐርላ ሽማግሌዎች አንደኛው እንዳሉት ጥጋብ ነው፤ የሰውን አገር እንደ ባዶ ማሳ የመቁረስ ጥጋብ። ከዚያ ጥጋብ ጋር ደግሞ የሚያዩ ዓይኖች ዝምታ አለ። አንደኛው ያለ ሁለተኛው ሩቅ አይሄድም።

መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ድሬዳዋ ገቡና ጣልያን ወጣች። ያን ጊዜ ሎንዶን በቦምብ እየነደደች ነበር፤ ፓሪስም በጀርመን እጅ ነበረች። በ1928 ዓ.ም. ስለ እኛ ያልተከፈለው ዋጋ በራሳቸው ከተሞች ተከፈለ።

የታሪክ መምህራን ሆይ፣ በድሬዳዋም ሆነ በሌላ ከተማ ያላችሁ፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁን ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መነሻ ስታስተምሩ፣ የተለመደውን የፖላንድ ወረራ፣ ነሐሴ 26 ቀን 1931 ዓ.ም.ን፣ ከመጻፋችሁ በፊት ሰሌዳው ላይ አንድ ሌላ ቀን ጻፉ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ወልወል ብላችሁ ጻፉ፤ ከሥሩም 2,500 አክሲዮን ብላችሁ ጨምሩ፤ ከዚያ ሰበቡን ከምክንያቱ ራሳቸው ይለዩ ዘንድ ተዉአቸው ይከራከሩ።